ሳይበላ የከፈለው ሰው

«ዝም ባለ አፍ ዝንብ አይገባም» ይላሉ አበው። እኔም ይህን ተረት ሰምቼ፣ አምኜበት፣ ለልጆቼም አውርሼ የኖርኩ ሰው ነኝ። ዛሬ ግን ዝም በማለቱ ዕድሜ ልኩን እሬት ሲጎነጭ የኖረ አንድ ሰው ላስተዋውቃችሁ ነው። ሰውዬው አሜሪካዊ ነው፤ ሙያውም እኛ አገር ብዙ የማይታወቀው ቤዝቦል። «የእኛ ጉድ አልቆ ነው ወይ የፈረንጅ የዱላ ጨዋታ የምትተርክልን?» የሚል አንባቢ እንደማይጠፋ አውቃለሁ። ትንሽ ይታገሡኝ።

ነገሩ የጀመረኝ ክፍል ውስጥ ነው። ሥነ ጽሑፍ አስተምር በነበረበት ዘመን ከማስተምራቸው መጻሕፍት አንዱ የስኮት ፊትዝጀራልድ «ታላቁ ጋትስቢ» ነበር። በ1925 የታተመ ልቦለድ ነው (ዓመቶቹን ሁሉ የምጽፈው በፈረንጆቹ አቆጣጠር ነው)። በልቦለዱ ውስጥ ዎልፍሺም የሚባል ቁማርተኛ አለ። ጋትስቢ ለተራኪው ለኒክ የ1919ኙን ዎርልድ ሲሪስ ያጭበረበረው ይህ ሰው መሆኑን ሲነግረው ኒክ ክው ይላል። አንድ ተማሪዬ እጁን አወጣና «መምህር፣ ይሄ ሲሪስ የሚሉት ምንድን ነው? ኒክስ ለምን ይሄን ያህል ደነገጠ?» አለኝ። «የኳስ ውድድር ነው» አልኩና ወደሚቀጥለው ገጽ ሸሸሁ። እውነቱን ለመናገር አላውቅም ነበር። ስለ ቤዝቦል የማውቀው ነገር ቢኖር የሄሚንግዌይ ሽማግሌ ዓሣ አጥማጅ ባሕር መሐል ብቻውን ሆኖ ስሙን እያነሣ የሚበረታበት ዲማጂዮ የሚባል ተጫዋች መኖሩን ብቻ ነው። እኔ ከጥያቄው ብሸሽም ጥያቄው ከእኔ አልሸሸም። ያገኘሁትን ሳነብ ከረምኩ፤ ሳነብም ስለ ኳስ ብቻ እያነበብኩ እንዳልሆነ ገባኝ።

ጨዋታውን ለማያውቅ በአጭሩ ልንገር። ከገና ጨዋታችን ጋር የሚያመሳስለው ዱላና ኳስ መኖሩ ብቻ ነው። ወርዋሪው ኳሷን ባለ በሌለ ኃይሉ ይወረውራል፤ የባላጋራው ቡድን መቺ በዱላ ሊመታት ይሞክራል፤ ከመቺው ጀርባ ቁጢጥ ያለው ቀላቢ ደግሞ ያመለጠችውን ይቀልባል። ቀላቢው በጣቶቹ ምልክት እየሰጠ ለወርዋሪው «ፈጣኗን ላክ፣ ታጣፊዋን ላክ» ይለዋል። መቺው የምትመጣዋን ኳስ ዓይነት አስቀድሞ ካወቀ ግማሹን ሥራ ጨረሰ ማለት ነው። ወርዋሪው ደግሞ ሆን ብሎ ቢያበላሽ ማንም እርግጠኛ ሆኖ አይፈርድበትም፤ «እጄ ከዳኝ» ቢል ማን ይመሰክርበታል? እንግዲህ ዋናዎቹ የማጭበርበሪያ በሮች ሁለት ናቸው፤ አንድም ለመሸነፍ መሸጥ፣ አንድም ለማሸነፍ መስረቅ።

በ1919 የቺካጎው ኋይት ሶክስ የአገሩ ጉልበተኛ ቡድን ነበር። ስሙ «ነጭ ካልሲዎች» ማለት ነው። ለዋንጫ የደረሰው ከሲንሲናቲ ሬድስ ጋር ሲሆን፣ ከዘጠኝ ጨዋታ ቀድሞ አምስት ያሸነፈ ሻምፒዮን ይባላል። ቺካጎ ይሸነፋል ብሎ የሚያስብ ጥቂት ነበር። ለቁማርተኛ ደግሞ እንዲህ ያለ ጊዜ ሠርጉ ነው፤ ሁሉም «ያሸንፋል» የሚለው ቡድን እንደሚሸነፍ አስቀድሞ ያወቀ ሰው ምን ቀረው? ነገሩን ከጠነሰሱት ዋነኛው ቺክ ጋንዲል የተባለ የቺካጎ ተጫዋች ነው ይባላል። ተጫዋቾች በየሆቴሉ ክፍል እየተሰበሰቡ ተነጋገሩ። ስምንት ስሞች በኋላ መዝገብ ላይ ሰፈሩ። ከገንዘቡ ጀርባ ነበረ ተብሎ የሚታመነው የኒውዮርኩ ታላቅ ቁማርተኛ አርኖልድ ሮትስቲን ነው፤ የፊትዝጀራልድ ዎልፍሺም የተቀረጸው በእሱ አምሳል ነው።

ኤዲ ሲኮት የቡድኑ አንደኛ ወርዋሪ ነበር። በውድድሩ ዋዜማ ሆቴል ክፍሉ ውስጥ፣ ትራሱ ሥር፣ 10 ሺህ ዶላር ተቀምጦ አገኘ፤ ከዓመት ደመወዙ የሚበልጥ ገንዘብ ነው። ኦክቶበር 1 ቀን የመጀመሪያው ጨዋታ ተጀመረ። ሲኮት ሁለተኛዋን ኳስ የሲንሲናቲው የመጀመሪያ መቺ ጀርባ ላይ አሳረፋት። ተመልካቹ «ውይ፣ አመለጠችው» ሳይል አልቀረም። ነገሩ ውስጥ ያሉት ግን ምልክቷ ገብታቸዋለች፤ «ስምምነቱ ጸንቷል» ማለት ነበር። ሲንሲናቲ 9 ለ 1 አሸነፈ። ሌላው የተገዛ ወርዋሪ ሌፍቲ ዊልያምስ የተሰለፈባቸውን ሦስቱንም ጨዋታዎች አስረከበ። መሐል ላይ ቁማርተኞቹ የገቡትን ገንዘብ እየቆራረጡ ሲያጓትቱ ተጫዋቾቹ ተናደዱ። ሌባን ሌባ ቢሰርቀው ምን ይደንቀው! ከደሙ ንጹሕ የነበረው አዲስ ገቢ ወርዋሪ ዲኪ ከር፣ ከጀርባው የተሸጡ ጓደኞች ቆመው፣ ታግሎ ሁለት ጨዋታ አሸነፈ። በመጨረሻ ግን ሲንሲናቲ 5 ለ 3 ዋንጫውን ወሰደ።

አሁን ወደ ሰውዬዬ ልምጣ። ስሙ ባክ ዊቨር ይባላል፤ የቺካጎ የሦስተኛዋ ቤዝ ጠባቂ ነበር። ዊቨር ሸፍጡ የተሸረበባቸው ስብሰባዎች ላይ ተቀምጧል። ሰምቷል። እነማን እንዳሉበት ያውቃል። ገንዘብ እንደተቀበለ የሚያሳይ ማስረጃ ግን አልቀረበበትም። ሜዳ ላይም የተሸጠ ሰው አይመስልም ነበር፤ በዚያ ውድድር በተመዘገቡለት 34 የመምታት ዕድሎች 11 ጊዜ ተሳክቶለታል። በዚህ ጨዋታ ከሦስት አንዱን መምታት የጀግና ሥራ ነው። በመከላከልም አንዲት ስሕተት አልተጻፈችበትም። ጥፋቱ አንድ ብቻ ነው፤ ዝም አለ። ለአሠልጣኙም አልተናገረ፣ ለክለቡም አልተናገረ።

እስቲ በእሱ ቦታ እንሁን። ሰዎቹ ጓደኞቹ ናቸው፤ ዓመቱን ሙሉ አብሮ በባቡር ይጓዛል፣ አብሮ ይበላል፣ አብሮ ይጫወታል። ምናልባት ወሬ ብቻ ሆኖ ይቀራል፤ ምናልባት ይተዉታል። ቢናገርስ ማን ያምነዋል? ካመኑትስ በኋላ ከማን ጋር ይጫወታል? «እኔ አልበላሁ፤ ምን አገባኝ» ብሎ ዱላውን አንሥቶ ወደ ሜዳ ወጣ። ከመካከላችን ይህን ሒሳብ ሠርቶ የማያውቅ እጁን ያውጣ።

ታዲያ ዝም ያለው ዊቨር ብቻ ነበር? ታሪኩ የሚመረው እዚህ ላይ ነው። ወሬው ከጨዋታው በፊት በሆቴሎቹ ሳሎን ሲንሸራሸር ነበር፤ ገንዘቡ በድንገት ወደ ሲንሲናቲ ሲያዘነብል ያየ ሁሉ አንድ ነገር ሸቶታል። የቡድኑ አሠልጣኝ ኪድ ግሊሰን ጥርጣሬውን ለክለቡ ባለቤት ለቻርልስ ኮሚስኪ ነገረ። ኮሚስኪ ለሊግ ሹም ነገረ። ነገሩ የሌላኛው ሊግ ሹም የባን ጆንሰን ጆሮ ደረሰ፤ ጆንሰንና ኮሚስኪ ግን የቆየ ቂም ነበራቸውና ሰውዬው አጣጥሎ መለሰው። ውድድሩ ካለቀ በኋላ ኮሚስኪ «ማስረጃ ላመጣልኝ ሺህ ዶላሮች እሸልማለሁ» ብሎ በጋዜጣ አስነገረ። እናውቃለን የሚሉ ሰዎች ሲመጡ ግን ነገሩን አፍኖ ያዘው። የግል መርማሪ ቀጥሮ አስጠና፤ የጥናቱንም ውጤት አፍኖ ያዘ። ከዚያስ? ከተጠረጠሩት ከጋንዲል በቀር ሌሎቹን ለ1920 የውድድር ዘመን አስፈርሞ አሰለፋቸው። ቡድኑ ጎበዝ ነው፤ ስታዲየሙ ይሞላል፤ ትኬቱ ይሸጣል። ሆድ ሲያውቅ ዶሮ ማታ! ሂዩ ፉለርተን የተባለ የስፖርት ጋዜጠኛ ደፍሮ ጥርጣሬውን ቢጽፍ የሙያ ጓደኞቹ ተሳለቁበት፤ የጨዋታውን ስም አጠፋህ ተባለ።

የታፈነ ነገር አንድ ቀን መፈንዳቱ አይቀርም። በሴፕቴምበር 1920 ቺካጎ ላይ የተሰየመ መርማሪ ጁሪ ቁማሩን መጎርጎር ጀመረ። ሲኮት ቀረበና አመነ። በዚያው ቀን ጆ ጃክሰን አመነ። ጃክሰን በዘመኑ ከነበሩት ታላላቅ መቺዎች አንዱ ነው፤ ከገጠር የጨርቃ ጨርቅ ፋብሪካ የወጣ፣ ማንበብና መጻፍ የማይችል ሰው። 20 ሺህ ዶላር ቃል ተገብቶለት 5 ሺህ እንደደረሰው ተናገረ። የሚገርመው በውድድሩ ከሁሉም ተጫዋች በላይ፣ 12 ጊዜ፣ የመታው እሱ ነበር። እንግዲህ ገንዘቡን በልቶ ሥራውን አልሠራ ይሆን? ወይስ ሲያስፈልግ ብቻ ነበር እጁን የሚያለዝበው? ክርክሩ እስከ ዛሬ አላባራም።

በ1921 በጋ ተከሳሾቹ ፍርድ ቤት ቆሙ። ያኔ በኢሊኖይ ግዛት ጨዋታ መሸጥን ወንጀል የሚያደርግ ሕግ አልነበረም፤ ስለዚህ የተከሰሱት ለማጭበርበር በማሴር ነው። ዳኛውም ለጁሪው፣ ጨዋታውን ለመልቀቅ መስማማታቸው ብቻ በቂ አይደለም፣ ሕዝቡንና ሌሎችን ለማጭበርበር ማሰባቸው መረጋገጥ አለበት ብሎ አስረዳ። በዚህ ላይ ደግሞ የእምነት ቃላቸው የሰፈረበት ወረቀት ከመዝገቡ ጠፋ። ወረቀት ከመዝገብ ሲጠፋ አዲስ የሚሆንበት አንባቢ ካለ እዚህ አገር አልኖረም ማለት ነው። ኦገስት 2 ቀን ጁሪው ሦስት ሰዓት ሳይሞላው ተመልሶ ሁሉንም ነጻ አላቸው። ተከሳሾችና ጁሪዎች አብረው ደስታቸውን ገለጹ።

ደስታው አንድ ቀን ነው የቆየው። የክለቦቹ ባለቤቶች ስማቸውን ለማዳን ሲሉ በኖቬምበር 1920 የቤዝቦል ኮሚሽነር አድርገው የሾሙት ኬነሶ ማውንቴን ላንዲስ የሚባል የፌዴራል ዳኛ ነበር፤ ሥልጣኑ ይግባኝ የሌለው። ላንዲስ በማግሥቱ መግለጫ አወጣ። ጁሪው ምንም ይበል ምን፣ ጨዋታ የሸጠ ተጫዋች፣ ለመሸጥ ቃል የገባም ተጫዋች፣ ሲሸረብ አብሮ ተቀምጦ ሰምቶ ለክለቡ ወዲያው ያልተናገረም ተጫዋች ከእንግዲህ በሙያው ሜዳ አይረግጥም አለ። ሦስተኛይቱን አንቀጽ ልብ በሉልኝ። እሷ የተጻፈችው ለአንድ ሰው ነው ማለት ይቻላል፤ ለባክ ዊቨር። የበሉት ሰባቱና ያልበላው ስምንተኛው አንድ ቅጣት ተቀጡ፤ የዕድሜ ልክ እገዳ።

እኔ በላንዲስ መርሕ ላይ ጠብ የለኝም። እንዲያውም ያለ እሷ ሌሎቹ ሁለቱ አንቀጾች ዋጋ የላቸውም እላለሁ። ሸፍጥ የሚቆመው በሸፋጩ እግር ብቻ አይደለም፤ አይቶ እንዳላየ በሚያልፈው ሰው ትከሻ ጭምር ነው። ችግሬ ሌላ ነው። «ሰምቶ ያልተናገረ ይቀጣ» ከተባለ ሚዛኑ ለምን ወደ ታች ብቻ ወረደ? ኮሚስኪስ አልሰማም? የሊጉ ሹሞችስ? ዊቨር የሰማውን በሆዱ ያዘ፤ ኮሚስኪ የሰማውን በሆዱ ይዞ ዓመቱን ሙሉ ትኬት ሸጠበት። የዊቨር ዝምታ «ወንጀል» ተባለ፤ የኮሚስኪ ዝምታ «ጥንቃቄ»። በ1939 ኮሚስኪ ኩፐርስታውን በሚገኘው የቤዝቦል የዝነኞች አዳራሽ ስሙ በክብር ሰፈረ። ሮትስቲንም ክስ ሳይመሠረትበት ኖሮ በ1928 ኒውዮርክ ውስጥ በጥይት ተመቶ ሞተ፤ ያውም በሌላ ጉዳይ።

ለተጫዋቾቹ ሲባል ደግሞ አንድ ማስተዛዘኛ ለብዙ ዘመን ሲነገር ኖሯል። ኮሚስኪ ስስታም ስለነበረና ስላስራባቸው ነው የሰረቁት ይባላል። በከፊል እውነት አለው፤ ያኔ አንድ ተጫዋች ለአንድ ክለብ ከፈረመ ክለቡ ካልሸጠው ወይም ካላሰናበተው በቀር ወደ ሌላ መሄድ አይችልም ነበር፤ ይህ ሥርዓት የተሰበረው በ1975 ነው። ነገር ግን በኋላ የተገኙት የደመወዝ መዝገቦች እንደሚያሳዩት የቺካጎ ቡድን ከሊጉ ከፍተኛ ከፋዮች አንዱ ነበር። ዊቨር ራሱ በዓመት 7,250 ዶላር ያገኝ ነበር፤ በጊዜው ጥሩ ገንዘብ ነው። ስለዚህ ሌብነትን ሁሉ በረሃብ ማመካኘት አይቻልም። የራበው ሁሉ አይሰርቅም፤ የሚሰርቀውም ሁሉ አልራበውም።

ሌላም ነገር አለ። ላንዲስ «ጨዋታውን አነጻሁት» ተብሎ ተወደሰ። በዚያው «ንጹሕ» ሜዳ ግን ከ19ኛው መቶ ዘመን መጨረሻ ጀምሮ በታላላቆቹ ሊጎች አንድም ጥቁር ተጫዋች አልረገጠም። ይህን የሚከለክል የተጻፈ ደንብ አልነበረም፤ የክለብ ባለቤቶች በዓይን ጥቅሻ ተግባብተው ነው ያጠሩት። ላንዲስ በ1944 በሥልጣኑ ላይ እንዳለ እስኪሞት ድረስ አጥሩ አልተነካም። ጃኪ ሮቢንሰን የገባው በ1947 ነው። ከሸፍጥ ሁሉ ትልቁ ይህ ነበር፤ ግን ሁሉም ስለተስማማበት ሸፍጥ አልተባለም። ወረቀት ላይ ያልሰፈረ፣ ሁሉም የሚያውቀው፣ ማንም የማይናገረው ደንብ እንዴት ያለ ብርቱ ደንብ መሰላችሁ!

ዝምታው ከላንዲስም በኋላ ቀጠለ። በ1951 የኒውዮርኩ ጃያንትስ ከመሪው ከብሩክሊን ዶጀርስ 13 ጨዋታ ተኩል ኋላ ቀርቶ ነበር። ደርሶ ያዘውና በመለያው ጨዋታ መጨረሻ ላይ ቦቢ ቶምሰን ኳሷን ከአጥር ውጪ ሰደዳት። አሜሪካ ስለዚያች ምት ያልተረከችው የለም። 50 ዓመት ካለፈ በኋላ፣ በ2001፣ አንድ ጋዜጠኛ ጉዱን ገለጠው። ጃያንትሶች በገዛ ስታዲየማቸው፣ ከሜዳው ማዶ ካለ ክፍል፣ በመነጽር የባላጋራውን ቀላቢ ጣቶች እያነበቡ በኤሌክትሪክ ደወል ለራሳቸው ሰዎች ያስተላልፉ ነበር። ቶምሰን ያችን ኳስ የመታኋት በሰማሁት ምልክት አይደለም ብሏል። የሚገርመኝ ግን የወረወረበት የራልፍ ብራንካ ነገር ነው። ብራንካ ሐሜቱን የሰማው ከጥቂት ዓመታት በኋላ ነው፤ ሆኖም ተሸንፎ የሚያለቃቅስ እንዳይባል ለአሥርተ ዓመታት ዋጠው። የተሰረቀውም ሰው ዝም ይላል ማለት ነው።

ከዚያ የመድኃኒቱ ዘመን መጣ። በ1994 በተጫዋቾች የሥራ ማቆም አድማ ምክንያት ዎርልድ ሲሪስ ሳይካሄድ ቀረና ሕዝቡ ቤዝቦልን ተቀየመው። በ1998 ማርክ ማክጓየርና ሳሚ ሶሳ በፉክክር ኳስ ከአጥር ውጪ ይሰዱ ጀመር፤ ለ37 ዓመታት የቆየው 61 ክብረ ወሰን ተሰበረ፤ አንዱ 70፣ አንዱ 66 ደረሰ። ስታዲየሙ ሞላ፣ ቂሙ ተረሳ። የሰዎቹ ክንድ እንደ ዋርካ ግንድ ሲያብጥ ያየ ግን «ምን እየበሉ ነው?» አላለም። አንድ የዜና ወኪል ጋዜጠኛ ማክጓየር ቁምሣጥን ውስጥ የጡንቻ ማፈርጠሚያ ብልቃጥ ማየቱን ሲጽፍ ውግዘቱ የወረደው በጋዜጠኛው ላይ ነው፤ የሰው ቁምሣጥን በረበርክ ተባለ። ንጥረ ነገሩ ያኔ በቤዝቦል የተከለከለም አልነበረም። በቅጣት የታገዘ ምርመራ የተጀመረው በ2004 ነው። በዲሴምበር 2007 የቀድሞው ሴናተር ጆርጅ ሚቸል ከ400 ገጽ በላይ የሆነ ሪፖርት አወጡ፤ የበርካታ ተጫዋቾች ስም ተዘረዘረ። ማክጓየር በ2010 አመነ። የክብረ ወሰኑ ንጉሥ ባሪ ቦንድስና ታላቁ ወርዋሪ ሮጀር ክሌመንስ በ2022 ለአሥረኛና ለመጨረሻ ጊዜ በጋዜጠኞች ድምፅ የዝነኞቹ አዳራሽ በር ተዘጋባቸው። በዚያ ዘመን ሁሉ የበላይ ሆነው የመሩት ኮሚሽነር በድ ሴሊግስ? በ2017 በክብር ገብተዋል። የኮሚስኪ ታሪክ እንደገና ማለት ነው፤ በዘመኑ የሠሩት ውጪ ይቆማሉ፣ በዘመኑ ያተረፉት ይገባሉ።

አንድ ሰው ግን ተናግሯል። ሂውስተን አስትሮስ በ2017 ዋንጫ ያነሣበትን ዘመን ያስታውሷል። የቡድኑ ሰዎች ሜዳው ማዶ በተተከለ ካሜራ የባላጋራውን ቀላቢ ጣቶች እያዩ፣ ታጣፊ ኳስ ስትመጣ የቆሻሻ በርሜል በዱላ እየደበደቡ ለመቺያቸው ያሳውቁ ነበር። በርሜሉ ዝም ካለ ፈጣኗ እየመጣች ነው። አሠልጣኙ ኤ. ጄ. ሂንች ነገሩን አልወደደውም፤ ሁለት ጊዜ ቴሌቪዥኑን ሰባብሮታል። ሆኖም ተጫዋቾቹን «አቁሙ» አላላቸውም! ማይክ ፋየርስ የሚባለው የቀድሞ የቡድኑ ወርዋሪ በኖቬምበር 2019 ስሙን ገልጦ ጉዳዩን ለጋዜጠኞች ነገረ። በጃንዋሪ 2020 ውሳኔው ወጣ፤ ክለቡ 5 ሚሊዮን ዶላር ተቀጣ፣ ሥራ አስኪያጁና ሂንች ለአንድ ዓመት ታገዱ፣ ክለቡም በዚያው ቀን አባረራቸው። ምስክርነት የሰጡት ተጫዋቾች አንድም ቅጣት አልደረሰባቸው፤ ዋንጫውም አልተነጠቀ። ፋየርስ ግን ከገዛ የሙያ ወንድሞቹ «አሳባቂ» የሚል ስድብ አተረፈ።

አሳባቂ! በእኛ አገር ደግሞ «ጆሮ ጠቢ» የሚባል ከዚህ የከፋ ቃል አለ። እኔ የልጅነት ጊዜዬን ያሳለፍኩት ጆሮ ጠቢ ከእባብ በላይ በሚፈራበት በደርግ ዘመን ነው። አንድ ቃል ለቀበሌ ከደረሰ አባወራ ወጥቶ አይመለስም ነበር። ስለዚህ የእኔ ትውልድ ዝምታን የተማረው ከፍርሃት ብቻ አይደለም፤ እንደ ክብርም ቆጥሮታል። ግን ጎረቤትን ለጉልበተኛ አሳልፎ መስጠትና የጉልበተኛን ሸፍጥ ለጎረቤት መንገር አንድ ነገር ናቸው? ሁለቱንም በአንድ ስም መጥራታችን የጠቀመው ማንን ነው? የሚሰርቁትን ይመስለኛል።

እንግዲህ ስለ ሰው ይህን ያህል ካወራሁ ስለ ራሴም ልናገር። ስሙን የማልጠራው አንድ ተቋም ውስጥ ሳስተምር የተማሪዎችን የመመረቂያ ጽሑፍ በገንዘብ የሚጽፍ አንድ ባልደረባ እንዳለ አውቅ ነበር። አንድ ጊዜ ለማረም የደረሰኝን ጽሑፍ ሳነብ አረፍተ ነገሮቹን አወቅኋቸው፤ የልጁ ሳይሆኑ የባልደረባዬ ናቸው። ሥነ ጽሑፍ የሚያስተምር ሰው የጓደኛውን አጻጻፍ እንዴት ያጣዋል? ዝቅ ያለ ማርክ ሰጥቼ አለፍኩ። «እኔ አልበላሁ» አልኩ። ከዓመት በኋላ አንዲት ተማሪ ያልጻፈችውን ጽሑፍ አቅርባ ተያዘች። ጉዳዩን እንዲያይ በተሰየመው ኮሚቴ ውስጥ ያ ባልደረባዬ ነበረበት። እኔም ነበርኩበት። ሰብሳቢው «እንድትባረር የሚደግፍ» ሲል ሁለታችንም እጃችንን አወጣን። ልጅቷ ጥፋተኛ ነበረች፤ እሱን አልክድም። ግን የዚያን ቀን ወደ ቤቴ ስሄድ የተቀጣችው ለሦስታችንም መሆኑን አውቄዋለሁ። ባክ ዊቨርን ካወቅሁ በኋላ ያችን ልጅ ሳላስባት የቀረሁበት ጊዜ ትንሽ ነው።

ዊቨር እገዳው እንዲነሣለት ሲማጸን ኖረ። በሺዎች የሚቆጠሩ ደጋፊዎች ፈርመውለት ነበር፤ ላንዲስ አልሰማም። በ1953 ለሌላኛው ኮሚሽነር ደብዳቤ ጻፈ፤ ለውጥ አልመጣም። በጃንዋሪ 1956 ቺካጎ መንገድ ላይ ሲሄድ ልቡ ቀጥ ብሎ ሞተ፤ 65 ዓመቱ ነበር።

በሜይ 2025 ኮሚሽነር ሮብ ማንፍሬድ የዕድሜ ልክ እገዳ ከሞት በኋላ እንደማይቀጥል ወሰኑ፤ ሙት ጨዋታውን ሊጎዳ አይችልም ነው ምክንያቱ። በቁማር ምክንያት በ1989 የታገደውና በ2024 ያረፈው ፒት ሮዝን ጨምሮ 17 ሰዎች ከጥቁር መዝገቡ ተሰረዙ። ስምንቱ የቺካጎ ሰዎችም ከነዚያ ውስጥ ናቸው። «እውነትና ንጋት እያደር ይጠራል» ይባላል፤ ለዊቨር ግን ሲነጋ እሱ ከመሸበት 69 ዓመት ሆኖታል። ደግሞስ ምን ጠራ? በ1921 ከበሉት ጋር ደርበው ቀጡት፤ በ2025 ከበሉት ጋር ደርበው ማሩት። አንድም ጊዜ ለብቻው አውጥቶ «ያንተ ጥፋት ይህ ነው፣ ያንተ ያልሆነው ይህ ነው» ያለው የለም።

ያ ተማሪዬ ዛሬ ቢያገኘኝ ኒክ ለምን እንደደነገጠ የምመልስለት ይመስለኛል። ሚሊዮኖች ያመኑትን ነገር አንድ ቁማርተኛ በኪሱ ይዞት መዞሩ ነው ያስደነገጠው። እኔን የሚያስደነግጠኝ ግን ያ ቁማርተኛ ሳይሆን የነገሩን ጫፍ ይዘው፣ ከአሠልጣኙ እስከ ሊጉ ሹም፣ ከመቺው እስከ ጋዜጠኛው፣ «እኔ አልበላሁ» እያሉ ወደ ሥራቸው የተመለሱት ሰዎች ብዛት ነው። ዝም ባለ አፍ ዝንብ አይገባ ይሆናል። የዚያች የተባረረች ልጅ ስም ግን፣ ይኸው ስንት ዓመቱ፣ ከአፌ አልወጣም።